ከጢስ እስከ ብናኝ፦ መድኃኒትን በትንፋሽ ወደ ሳንባ የማድረስ ታሪክና ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። በሙያችን ግን አንድን መሣሪያ በየቀኑ እየተጠቀምንበት ከየት እንደመጣ፣ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደተሠራና በምን ዋጋ እንደተገኘ ሳናስብ የምንቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በየድንገተኛ ሕክምና ክፍሉ የማይጠፋው፣ ሕሙማን «ፓፍ» እያሉ የሚጠሩት ትንሽ መሣሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ መሣሪያ የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ትንፋሽ መልሷል። በታሪኩ ውስጥ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ በወጣትነት ዕድሜ የነበሩ ሕሙማን ሞትም ተመዝግቦ ይገኛል። የሞቱበት ምክንያት በሚገባ ካልታወቀ ስሕተቱ በሌላ አገርና በሌላ ጊዜ ሊደገም ይችላል፤ ተደግሞም ያውቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መድኃኒትን በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ብናኞች አማካይነት ወደ ሳንባ የማድረስን ጥበብ ታሪክ በአጭሩ ማቅረብና ከዚያም በዕለት ሥራችን ልንይዘው የሚገባንን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጢስና የእንፋሎት ዘመን

መድኃኒትን በትንፋሽ መውሰድ ከሕክምና ዘዴዎች ሁሉ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት አካባቢ እንደተጻፈ በሚገመተውና «የኢበርስ ፓፒረስ» ተብሎ በሚታወቀው የግብፃውያን የሕክምና ጥቅልል ውስጥ መድኃኒትነት ያላቸውን ዕፆች በጋለ ጡብ ላይ አድርጎ የሚወጣውን ጢስ በመቃ መሳብ እንደሚቻል ተገልጿል። ይህ አሠራር ለእኛም ባዕድ አይደለም። ጉንፋን የያዘው ሰው በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውን የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ሲታጠን ያላየ አንባቢ ይኖራል ተብሎ አይገመትም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን መጅ በ1778 ባሳተመው መጽሐፍ የቢራ መጠጫ ኩባያ ከክዳንና ከመተንፈሻ ቱቦ ጋር በማያያዝ የሠራውን ዕቃ «ኢንሄለር» ብሎ ሰየመው። ቃሉ እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር ይኖራል። መጅ በዚህ ዕቃ አማካይነት ለሳል ሕሙማን ከኦፒየም ጋር የተቀላቀለ እንፋሎት ይሰጥ ነበር።

በአስራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በሕንድ ማድራስ አካባቢ ይሠራበት የነበረው የዳቱራ ዕፅን ጢስ የመሳብ ልማድ ወደ ብሪታንያ ተሻገረ። ዳቱራ ስትራሞኒየም የሚባለው ዝርያ በአገራችን በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ ሕዝባችን «አስተናግር» ወይም «አጸ ፋሪስ» ብሎ የሚያውቀው ተክል ነው። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። እነዚህ ቅመሞች የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ ጡንቻ የማላላት ኃይል ስላላቸው ከዚሁ ተክል ቅጠል የተሠሩ «የአስም ሲጋራዎች» ከመቶ ዓመት በላይ በአውሮፓና በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች ተሸጠዋል። ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስትም ተጠቃሚ ከነበሩት አንዱ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት አይፕራትሮፒየም ከአትሮፒን ተሻሽሎ የተሠራ መድኃኒት መሆኑን ስናስብ የጥንቶቹ ሐኪሞች መንገዱን ጨርሰው አልሳቱም ለማለት ይቻላል።

ያልነበራቸው ነገር ልክ ነው። የሚጤሰው ቅጠል ምን ያህል መድኃኒት እንደያዘ፣ ከዚያም ምን ያህሉ ሳንባ እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረም። ጢሱ ራሱ የአየር ቧንቧን ያስቆጣል፤ መጠኑ ከበዛ ደግሞ ተክሉ አእምሮን የሚያስት መርዝ ነው። እንፋሎትን በተመለከተም አብዛኛው እርጥበት በአፍንጫና በጉሮሮ ላይ ስለሚቀር ከሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚደርሰው ጥቂት ነው። በፈላ ውኃ የተቃጠለ ሕፃን ያከመ የጤና ባለሙያ ደግሞ የዚህን ዘዴ ሌላ ገጽታ አሳምሮ ያውቀዋል።

ፈሳሽን ወደ ብናኝ መለወጥ

ቀጣዩ እርምጃ የተወሰደው በፈረንሳይ ነው። ፒየርፎን በተባለ የማዕድን ውኃ መታከሚያ ስፍራ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሳል-ዢሮን በ1858 በእጅ ፓምፕ አማካይነት ፈሳሽን በቀጭን ቀዳዳ አስወጥቶ ከሰሌዳ ጋር በማጋጨት ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች የሚበትን ተንቀሳቃሽ መሣሪያ አቀረበ። የዛሬው ኔቡላይዘር ቅድመ አያት ይህ ነው። በወቅቱ በፓሪስ የሕክምና ሊቃውንት መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ጭብጡም ጠብታው በእርግጥ ከጉሮሮ አልፎ ሳንባ ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱን ለማግኘት ግን የብናኞችን ጠባይ የሚመረምረው የሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳይንስ መምጣት ነበረበት።

መልሱ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ስፋታቸው ከ10 ማይክሮሜትር በላይ የሆኑ ብናኞች ክብደት ስላላቸው አየሩ በጉሮሮ ላይ ሲታጠፍ አብረው መታጠፍ አይችሉም፤ ስለዚህ ከአፍና ከጉሮሮ ግድግዳ ጋር ተጋጭተው ይቀራሉ፤ ቆይቶም ይዋጣሉ። ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሚሆኑት ከአየሩ ጋር ታጥፈው ወደ ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎች ይገባሉ፤ በዚያም በስበት ኃይል ቀስ ብለው ይሰፍራሉ። ከግማሽ ማይክሮሜትር በታች ከሆኑት መካከል ብዙዎቹ ሳይሰፍሩ ከሚወጣው ትንፋሽ ጋር ይመለሳሉ። አንድ ብናኝ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚሸከመው መድኃኒት ወደ አንድ ስምንተኛ እንደሚወርድም ማስተዋል ያሻል። እንግዲህ ብናኙ ለመጓዝ በቂ ትንሽ፣ ለመሸከምና ለመስፈር ደግሞ በቂ ትልቅ መሆን አለበት። ሕመምተኛውን «ቀስ ብለህ ሳብ፣ ከዚያም እስከ አሥር ቁጠርና ትንፋሽህን ያዝ» የምንለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ዝግታው ግጭቱን ይቀንሳል፤ መያዙ ደግሞ ብናኙ የሚሰፍርበትን ጊዜ ይሰጣል።

የአንዲት ልጅ ጥያቄ

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አድሬናሊን፣ ቆይቶም አይሶፕሬናሊን በጎማ ፊኛ እየተጨመቀ በሚሠራ የመስተዋት መርጫ ይሰጥ ነበር። መርጫው በቀላሉ የሚሰበር ሲሆን የሚወጣው መጠንም እንደ ተጠቃሚው ጭመቃ ይለያይ ነበር።

በ1955 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የራይከር መድኃኒት ፋብሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው የጆርጅ ሜይሰን የ13 ዓመት ልጅ አስም ነበረባት። ይህች ልጅ የአስም መድኃኒት እንደ ፀጉር ስፕሬይ በቆርቆሮ ተሞልቶ የማይሠራበት ምክንያት ምን እንደሆነ አባቷን ጠየቀችው። አባት ጥያቄውን እንደ ልጅ ወግ አልቆጠረውም። የፋብሪካው የኬሚስትሪ ባለሙያ አርቪንግ ፖሩሽ ሥራውን እንዲሞክር ታዘዘ፤ አሮጌ የአይስክሬም ማቀዝቀዣና ባዶ የሽቶ ብልቃጦችን ይዞም ጀመረ። መድኃኒቱን ከገፊ ጋዝ ጋር በማቀዝቀዝ ፈሳሽ እንደሆነ በብልቃጥ መሙላትና በእያንዳንዱ ጭመቃ 50 ማይክሮሊትር ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ መግጠም ተቻለ። መሣሪያው በመጋቢት 1956 «ሜዲሄለር» በሚል ስም በአድሬናሊንና በአይሶፕሬናሊን ሁለት ዓይነት ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ከጥያቄው እስከ ገበያ የፈጀው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

በዚህም ከጥንት ጀምሮ የጎደለው ልክ ተገኘ። ሕመምተኛው በኪሱ ይዞት በሚዞረው ዕቃ የታወቀ መጠን ያለው መድኃኒት በደቂቃዎች ውስጥ ሳንባው እንዲደርስ ማድረግ ቻለ። ይሁን እንጂ አንድ አዲስ ችግር አብሮ መጣ። የጣትና የትንፋሽ ቅንጅት ካልሰመረ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በትክክል በሚጠቀም ሰው እንኳ በዚያ ዘመን በነበረው መሣሪያ ሳንባ የሚደርሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ብቻ ነበር።

የ1960ዎቹ የሞት መዓት

ከሜዲሄለር መምጣት ጥቂት ዓመታት በኋላ በእንግሊዝና ዌልስ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ለብዙ አሠርት ዓመታት ሳይለዋወጥ የኖረው በአስም የመሞት መጠን ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ማሻቀብ ጀመረ። ስፓይዘር፣ ዶልና ሂፍ በ1968 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ ሞቱ በሰባት ዓመት ውስጥ ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ማደጉን አሳዩ። የምርመራ ዘዴ ወይም የሞት ምስክር ወረቀት አጻጻፍ ለውጥ ይህን ያህል ጭማሪ ሊያስከትል እንደማይችል ካረጋገጡ በኋላ ዓይናቸውን በአዲሱ ሕክምና ላይ ጣሉ።

በ1972 አሜሪካዊው ስቶሊ አገሮችን በማነጻጸር ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረገው። ሞቱ የጨመረው እንደ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ አየርላንድ፣ ኖርዌይ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ባሉ፣ «ፎርቴ» የተባለው ብርቱ አይሶፕሬናሊን በሚሸጥባቸው አገሮች ነበር። ይህ ዓይነት በአንድ ጭመቃ 0.4 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከመደበኛው 0.08 ሚሊ ግራም አምስት እጥፍ መድኃኒት ይሰጣል። ፎርቴ ባልተሸጠባቸው እንደ አሜሪካና ካናዳ ባሉ አገሮች ተመሳሳይ ጭማሪ አልታየም።

የሞቱን መንገድ በተመለከተ ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። አይሶፕሬናሊን የሳንባን ብቻ ሳይሆን የልብንም ተቀባዮች ያነቃቃል፤ ኦክስጅን ባነሰው ሰውነት ላይ ልብን ያለ መጠን ማስሮጥ ደግሞ አደገኛ ነው። ሌሎች ግን ከመድኃኒቱ መርዛማነት ይልቅ የሰጠው እፎይታ ገዳይ እንደነበር ያስረዳሉ። ሕመምተኛው በጨመቀ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ቀለል ይለዋል፤ ስለዚህ ወደ ሐኪም መሄዱን ያዘገያል። በዚህ መካከል የአየር ቧንቧው እብጠትና አክታው እየበረታ ሄዶ መድኃኒቱ የማይከፍተው ይሆናል። ሁለቱም አስተያየቶች እውነትነት ሳይኖራቸው አይቀርም።

በብሪታንያ በ1967 ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ተላከ፤ በ1968 መጨረሻ ደግሞ መሣሪያው ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ተደረገ። ሽያጩ ሲቀንስ ሞቱም ወረደ።

አዳዲስ መድኃኒቶች

በዚያ ዘመን የቀረቡት ሦስት መድኃኒቶች የአስምን ሕክምና ለወጡት። የመጀመሪያው ሳልቡታሞል ነው። በእንግሊዝ የአለንና ሃንበሪስ ተመራማሪ በነበረው በዴቪድ ጃክ መሪነት ተሠርቶ በ1969 ለገበያ የበቃው ይህ መድኃኒት ከልብ ይልቅ በአየር ቧንቧ ጡንቻ ላይ የሚያተኩር በመሆኑ ከአይሶፕሬናሊን እጅግ የተሻለ ደኅንነት አለው።

ሁለተኛው ክሮሞግላይኬት ሲሆን ታሪኩ ከአንድ ሰው ጽናት ጋር የተቆራኘ ነው። በ1922 በሶርያ አሌፖ ከተማ የተወለደው ትውልደ አርመን እንግሊዛዊ ሐኪም ሮጀር አልቱንያን ራሱ የአስም ሕመምተኛ ነበር። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አገሮች ለባሕላዊ ሕክምና ከሚያገለግለው «ኬላ» ከተባለ ተክል በመነሣት የተቀመሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውህዶችን በገዛ ሰውነቱ ላይ ሞከረ። ለዚህም አለርጂ የሚቀሰቅስበትን የጊኒ ፒግ ጠጉር ጭማቂ እየሳበ ሆን ብሎ አስሙን ያስነሣ ነበር። ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላ የሚፈለገው ውህድ በ1965 ተገኘ። አልቱንያን በወጣትነቱ የጦር አውሮፕላን አብራሪና አስተማሪ ስለነበር መድኃኒቱን ለማድረስ የሠራው መሣሪያ በውስጡ ትንሽ ፕሮፔለር ነበረው። ሕመምተኛው አየር ሲስብ ፕሮፔለሩ እየተሽከረከረ ደረቁን ዱቄት ይበትነዋል። ገፊ ጋዝም ሆነ የጣትና የትንፋሽ ቅንጅት አያስፈልገውም፤ የሚያንቀሳቅሰው የራሱ የሕመምተኛው ትንፋሽ ነው። የዱቄት መሣሪያ ተጠቃሚዎችን «በፍጥነትና በኃይል ሳቡ» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የላቀ ፋይዳ ያስገኘው በ1972 የቀረበው ቤክሎሜታዞን ነው። አስም የጡንቻ መኮማተር ብቻ ሳይሆን ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ብግነት መሆኑ እየታወቀ ሲመጣ ስቴሮይድን በጥቂት መጠን በቀጥታ ወደ ሳንባ ማድረስ መቻሉ የሕክምናውን መሠረት ጣለ። በካናዳ ሰስካችዋን ክፍለ ሀገር ተደርጎ በ2000 የታተመ ጥናት በዓመት ውስጥ በተወሰደ በእያንዳንዱ ተጨማሪ የስቴሮይድ ኢንሄለር በአስም የመሞት አደጋ በ21 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ታሪክ ሲደገም

ትምህርቱ ግን በቀላሉ ይረሳል። በኒውዚላንድ ፌኖቴሮል የተባለ መድኃኒት በ1976 ሥራ ላይ ሲውል በአስም የሚደርሰው ሞት እንደገና አሻቀበ። አንዱ ጭመቃ 200 ማይክሮግራም ሲይዝ የሳልቡታሞል 100 ማይክሮግራም ነበር። በ1989 የአገሪቱ ተመራማሪዎች መድኃኒቱ ከሞቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ይፋ አደረጉ። ክርክሩ የጦፈ ቢሆንም አጠቃቀሙ ሲገደብ ሞቱ በግልጽ ቀነሰ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2019 ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አውጪ ቡድን ጂና ለአዋቂዎችና ለጎረምሶች ሳልቡታሞልን ብቻውን ያለ ስቴሮይድ ማዘዝን ከምክሩ አወጣ። በ1968 የተጠረጠረው ነገር በመመሪያ ደረጃ ለመስፈር ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀበት ማለት ነው።

የገፊው ጋዝ ጉዳይም በአጭሩ መነሣት ይኖርበታል። ቀደም ሲል ያገለግል የነበረው ሲኤፍሲ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ በመሆኑ ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ በኤችኤፍኤ ተተካ። አዲሱ ጋዝ ኦዞንን ባይጎዳም የምድርን ሙቀት ስለሚጨምር በ2016 በኪጋሊ በተደረገው ማሻሻያ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ተወስኗል። ጋዙ ሲለወጥ የብናኙም መጠን ሊለወጥ ይችላል። በኤችኤፍኤ በሟሟ አንድ ዓይነት ቤክሎሜታዞን ብናኙ ወደ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ስለወረደና ሳንባ የሚደርሰው ስለጨመረ የሚታዘዘው መጠን በግማሽ ያህል መቀነስ ነበረበት።

ከኬፕታውን የመጣ ብልሃት

ለእኛ እጅግ የሚቀርበው የታሪኩ ምዕራፍ የተጻፈው በአፍሪካ ነው። የጣትና የትንፋሽን ቅንጅት ችግር ለማቃለል የሚያገለግለው ስፔሰር ዋጋው ውድ በመሆኑ በብዙ አገሮች አይገኝም። በኬፕታውን ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከታች በኩል ቀዳዳ አበጅተው ኢንሄለሩን በዚያ አስገቡ። በ1999 በላንሴት ባወጡት ጥናት ድንገተኛ አስም ለያዛቸው ልጆች ጠርሙሱ ከፋብሪካው ስፔሰር የማይተናነስ ውጤት መስጠቱን አረጋገጡ። የፎም ኩባያ ግን ይህን ያህል አልሠራም። በእኛ አገር «ሃይላንድ» እያልን ጠጥተን የምንጥለው ጠርሙስ በአንድ ምላጭና በጥቂት ፕላስተር የሕይወት አድን መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

ወደ እኛ ስንመለስ

አስም የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን በጅማና በአካባቢዋ ተደርጎ በ1997 በላንሴት የታተመው ጥናት አሳይቷል። በሽታው በገጠሩም ያለ ሲሆን በከተማው ነዋሪ ዘንድ ይበልጥ ይታይ ነበር። ከተሞቻችን እየሰፉ በሄዱ ቁጥር ሕሙማኑም እየበዙ እንደሚመጡ መገመት አያስቸግርም።

ይሁንና በሥራችን የምናያቸው ሁለት ነገሮች ያሳስባሉ። አንደኛው «ፓፍ ሱስ ያስይዛል»፣ «ፓፍ የመጨረሻ መድኃኒት ነው» የሚለው በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ እምነት ነው። በዚህ የተነሣ ብዙዎች ክኒን ይመርጣሉ። ነገር ግን አንድ ባለ 4 ሚሊ ግራም የሳልቡታሞል ክኒን የ40 ጭመቃ ያህል መድኃኒት ይይዛል። ይህ ሁሉ በደም ውስጥ ዞሮ ልብን እያስመታ፣ እጅን እያንቀጠቀጠ ከሳንባ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ለሕመምተኛው ይህን ቀላል ሒሳብ ማስረዳት ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር የሚቃረን ይመስላል። ፓፍን የተቀበሉት ሕሙማን በአብዛኛው የሚያውቁት ፈጥኖ የሚያስተነፍሰውን ሳልቡታሞልን ብቻ ነው። በወር አንድና ከዚያ በላይ ብልቃጥ እየጨረሱ ስቴሮይድ ያልታዘዘላቸው፣ ወይም ታዝዞላቸው «ምንም አልተሰማኝም» ብለው የተዉት ጥቂት አይደሉም። በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች የሞቱት በዚሁ መንገድ ላይ ሳሉ ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ የክትትል ቀጠሮ ሦስት ነገሮችን ማድረግ ይገባል። ሕመምተኛው በፊታችን መሣሪያውን ሲጠቀም ማየት፤ ባለፈው ወር ስንት ብልቃጥ ሳልቡታሞል እንደጨረሰ መጠየቅ፤ ስቴሮይዱን በየቀኑ መውሰዱንና ከወሰደም በኋላ አፉን መጉመጥመጡን ማረጋገጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው አምስት ደቂቃ ብቻ ሲሆን ምንም ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።

ማጠቃለያ

መድኃኒትን በትንፋሽ የመስጠት ጥበብ በጢስ ጀምሮ በማይክሮሜትር ወደሚለካ ብናኝ ደርሷል። በ2006 የስኳር ሕመምተኞች በትንፋሽ የሚወስዱት ኢንሱሊን ተፈቅዶ በ2007 ከገበያ መውጣቱ፣ ሌላ ዓይነት ደግሞ በ2014 መፈቀዱ ጉዞው ገና እንዳላለቀ ያመለክታል። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለዕለት ሥራችን የሚተርፈው ቁም ነገር ግን አጭር ነው። እፎይታ ፈውስ አይደለም። ትንፋሹ የተመለሰለት ሕመምተኛ አመስግኖ ከክፍላችን ሊወጣ ሲነሣ «ቆይ፣ እስቲ አጠቃቀምህን አሳየኝ» የምንለው እኛ ነን። ያን ካላልን የሚቀጥለው ብልቃጥ እፎይታ እየሰጠው ሕመሙን ሊደብቅበት ይችላል።